የ2017 የጆሮ ሒሳብ፦ ዓመቱን ሙሉ ከዘፋኙ ጀርባ ስሰማ ከረምኩ (የናንተስ?)

ጎን_ሁለት · ጳጉሜ 2፣ ማታ 3፡40

ሰላም ጎበዝ። ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ እኔም እንደ አምናው "የዓመቱ ምርጥ አልበሞች" ብዬ ልለጥፍ ቁጭ ብዬ ስቆጥር ለካ ዘንድሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሰማሁት አዲስ አልበም ሦስት አይሞላም። ታዲያ ስትሰማ የከረምከው ምንድነው ካላችሁ አንድ ካርቶን ካሴት ነው።

አክስቴ ጥቅምት ላይ ቤት ስትቀይር "ወይ ውሰደው ወይ እጥለዋለሁ" አለችኝ። ቆጠርኩት፣ 43 ካሴት። ግማሹ ሽፋን የለውም፣ አንዳንዱ ደሞ ሽፋኑ የአንዱ ውስጡ የሌላ ነው። እቤት የሚሠራ ቴፕ ስለሌለ ምናለሽ ተራ ሄጄ አንድ ያገለገለ ዴክ ገዛሁ፣ በገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁትና ወደ ፋይል መገልበጥ ጀመርኩ። ይሄን ሥራ የሞከረ ያውቀዋል፣ ማቻኮል ሚባል ነገር የለም፣ ካሴቱ በራሱ ጊዜ ይዞራል አንተ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። የማትወደውንም ዘፈን ትሰማለህ፣ አንዳንዴ እንደውም ሁለቴ፣ ምክንያቱም መሃል ላይ ቴፑ ይበላውና አውጥተህ በእርሳስ አጠንጥነህ እንደገና ከሀ ነው። (በነገራችን ላይ 60 የሚል የተጻፈበት ካሴት አንዱ ጎን 28 ደቂቃ ተኩል ላይ ያልቃል፣ ፋብሪካዎቹ ያኔም ይሸውዱ ነበር ማለት ነው ሃሃ)

የመጀመሪያውን ወር አብሬ ስዘፍን ነበር። ከዛ ግጥሙን ሁሉ ስሸመድደው ጆሮዬ ሰለቸውና ወደ ኋላ ሄደ፣ ወደ አጃቢዎቹ። እና የዘንድሮ ትልቁ ነገሬ ይሄ ነው፣ ቤዝ መስማት ጀመርኩ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በታክሲ በሰርግ በሬዲዮ የሰማሁት የማህሙድ ዘፈን ውስጥ እንደዛ ዓይነት ቤዝ እንዳለ አላውቅም ነበር። የአይቤክስ ባንድ ዘመን ያለውን ማለቴ ነው፣ በፈረንጅ 1975 ምናምን። ዘፋኙ ስንኝ ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ ቤዙ ሁለት ኖታ ብቻ ጣል ያደርጋል፣ ዱም ዱ፣ ከዛ ዝም፣ ማህሙድ ሲመለስ ደሞ ከሥሩ ሾልኮ ይገባል። አንዴ ከሰማኸው በኋላ እምቢ ይላል፣ ድምፁን መስማት ያቅትሃል። ጆቫኒ ሪኮ ነው የአይቤክስ ኋላም የሮሃ ቤዚስት፣ ጊታሩ ሰላም ስዩም። ስማቸውን ያወቅኩት ግን ፈልጌ ነው፣ ካርቶኑ ውስጥ ካሉት ሽፋኖች አንዱም አይነግርህም። የዘፋኙ ፎቶ፣ የማከፋፈያው ስልክ፣ ሲበዛ "አጃቢ ሮሃ ባንድ"። በቃ።

ሁለተኛው ግኝቴ አንዳንዶቻችሁን ሊያናድድ ይችላል። ያንኑ ዘፈን ኦንላይን ካለው ጋር ሳወዳድረው የኦንላይኑ ይጎተታል። አልዋሻችሁም፣ ካሴቱ ላይ ያለው ነገር የሚንተከተክ ነው፣ ችክችካው ያስነሳሃል፣ ድምፁ ብሩህ ነው፣ ኦንላይን ያለው ግን እንቅልፍ የመጣበት ሰው ይመስላል። ዲጂታል ሲያደርጉት ነፍሱን አወጡት ነው እኔ ምለው።

ሦስተኛው፣ ካርቶኑ ውስጥ ሽፋንም ጽሑፍም የሌለው አንድ ካሴት አለ፣ ላዩ ላይ በእስክርቢቶ "አትንኩ!" ብቻ ተብሎ ተጽፏል። ውስጡ አንድ ወንድ አለ፣ ቀጭን፣ ስል፣ የልጅ ነገር ያለው ድምፅ፣ ከጀርባው አኮርዲዮንና ቤዝ። ማን እንደሆነ አላውቅም። ለኔ የዓመቱ ዘፋኝ እሱ ነው።

ከካርቶኑ ውጪ ደሞ እማሆይ ጽጌማርያም። ሚያዝያ ላይ እንቅልፍ ሲጠፋኝ ነው የያዙኝ። ፒያኖውን ለብቻ በፊትም እሰማው ነበር፣ ዘንድሮ ግን የሚዘፍኑበትን አገኘሁት፣ በፈረንጅ 2024 የወጣውን፣ ራሳቸው ቤታቸው ቁጭ ብለው በቴፕ የቀዱት። በዚህ ዕድሜዬ አንድም ቀን ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። ክፍሉ ራሱ ይሰማል። በጣቴ ጠረጴዛ እየመታሁ ምቱን ልይዘው ሞከርኩ፣ አይያዝም፣ ሦስት ላይ ነው ስትል አራት ይሆናል፣ ሊደርስ ነው ስትል ይዘገያል።

የናንተስ? ዘንድሮ ጆሯችሁ ምን አገኘ?

ዱካ_ድራም · ጳጉሜ 2፣ ማታ 4፡05

አቦ ይመችህ፣ በመጨረሻ ከዘፋኙ ውጪ ሰው እንዳለ ያወቀ ተገኘ። ካርቶንህ ውስጥ ከሰማንያዎቹ በኋላ ያሉት (በኛ አቆጣጠር) ካሉ ደሞ ድራሙን ልብ ብለህ ስማ፣ ብዙው ሰው አይደለም። ኪቦርዱ ውስጥ ያለ ምት ነው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት፣ ዘፋኙ ሲያለቅስም ሲስቅም ያው። እኔ እንጀራዬ ስለሆነ ሊሆን ይችላል ግን ያስጠላኛል።

ሰምና_ወርቅ · ጳጉሜ 2፣ ማታ 4፡31

ይቅርታ ወንድሜ ግን አልስማማም። የአማርኛ ዘፈን ግጥም ነው። ግጥሙን ሸምድጄ ሰለቸኝ ያልከው ነገር ራሱ ገርሞኛል፣ ሸመደድከው ማለት እኮ ገባህ ማለት አይደለም፣ ሰሙን ይዘህ ነው የሄድከው። አዝማሪ ቤት ሂድና ሰው "ተቀበል!" ብሎ ስንኝ ሲወረውር እይ፣ ማን ነው ማሲንቆውን የሚሰማ? ሁሉም አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው የመጨረሻዋን ቃል ነው፣ ስትመጣ ቤቱ ይናጋል። ማሲንቆው እስኪታሰብ ጊዜ መግዣ ነው።

የኔ የዓመቱ ነገር አስናቀች ወርቁ ናት። ሌላ አልጨምርም። አንዲት ሴት አንድ ክራር፣ አለቀ። ተዋናይም ስለነበረች ይሁን አላውቅም ቃሉን ስትለቀው አትዘፍነውም፣ ትነግርሃለች፣ አንዳንዴ ትንቅሃለች። ክራሩን ደሞ ልክ እንደ ሁለተኛ ሰው ትጠቀምበታለች፣ ራሷ ተናግራ በክራሩ ራሷ ትመልሳለች። አሁን አንተ እዚህ ላይ ዘፋኟ የት ጋ አልቃ አጃቢዋ የት ጋ እንደሚጀምር አሳየኝ።

ጎን_ሁለት · ጳጉሜ 2፣ ማታ 4፡50

ኧረ ሰምና ወርቅ እንዲህ አትበይ፣ ግጥም ጠላሁ አላልኩም። ግን የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ይዛኛለች፣ መልስ የለኝም። ማሲንቆው ጊዜ መግዣ ነው ላልሽው ግን እምቢ፣ አዝማሪው ስንኙን ከመመለሱ በፊት ማሲንቆው ሊስቅብህ እንደሆነ ይነግርሃል እኮ። ሰውዬው አፉን ሳይከፍት ቤቱ ፈገግ ማለት የሚጀምረው ለምን ይመስልሻል?

ሰምና_ወርቅ · ጳጉሜ 2፣ ማታ 4፡58

እሺ ይህቺን ወስደሃል። አንድ ለዜሮ።

ዲሲ_ሌሊት · ጳጉሜ 3፣ ጠዋት 1፡15

እኔ ያለሁት ዋሽንግተን ዲሲ ነው፣ ሌሊት እነዳለሁ፣ ስለዚህ የኔ ዓመት መኪና ውስጥ ነው ያለቀው። ዘንድሮ ደጋግሜ የሰማሁት ጋሽ ኃይሉ መርጊያን ነው፣ በፈረንጅ 1985 ለብቻው አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ የቀዳውን። ታሪኩን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከዋልያስ ባንድ ጋር ሒልተን ይጫወት የነበረው ሰውዬ ነው፣ በ1981 ባንዱ ለኮንሰርት አሜሪካ ሲመጣ እዚሁ ቀረ፣ በኋላም ታክሲ ይነዳ ነበር። ያ ካሴት በ2013 እንደገና ታትሞ ነው ዓለም ያወቀው። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። እኔ ይሄን ሳላውቅ በፊት እሰማው ነበር ሀሪፍ ነው እል ነበር፣ ካወቅኩ በኋላ ግን ያው ኤርፖርት ተራ ይዤ ስሰማው ሌላ ነገር ሆነብኝ። አኮርዲዮኑ አይቸኩልም ልብ በሉ፣ ተሳፋሪ እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ደሞ ድራሙ ማሽን ነው ዱካ ድራም፣ ማሽን ሆኖም ያምራል፣ እንዳትጣላኝ።

ዱካ_ድራም · ጳጉሜ 3፣ ጠዋት 2፡02

ጋሽ ኃይሉ ይፈቀድለታል። ለሌላው አይሠራም።

ባለ_አራት_ክር · ጳጉሜ 3፣ ጠዋት 3፡20

ቤዝ እጫወታለሁ (ስሜ ይናገራል) ስለዚህ ይሄን ክር ሳየው ዕንቁጣጣሽ ቀድማ የመጣች ነው የመሰለኝ። አንድ ነገር ልጨምር፣ በኛ ሙዚቃ ላይ ቤዝ መጫወት ለምን እንደሚከብድና ለምን እንደሚያምር። ቅኝቱ አምስት ኖታ ነው ያለው፣ ትዝታ ሜጀር ብትል ዶ ሬ ሚ ሶ ላ፣ አራተኛዋና ሰባተኛዋ የሉም። የፈረንጅ ሙዚቃ የለመደ ቤዚስት መንገዱን የሚያገኘው በነዛ በሌሉት ነው፣ እዚህ ስትመጣ መሄጃ የለህም፣ ስለዚህ ወይ ትደጋግማለህ ወይ ዝም ትላለህ። ያቺ "ዱም ዱ፣ ከዛ ዝም" ያልካት የመጣችው ከዛ ነው። ዝምታው ችሎታ ነው።

አንቺሆዬ ላይ ስትደርስ ደሞ ጉድ ነው፣ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ (ቤሞል ማለት ግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ነው)። ሶ የለችም! መቆሚያ የምትሆንህን ኖታ ነው የወሰዱብህ። የኔ የ2017 ነገር ታዲያ አንቺሆዬን ያለ ፍርሃት መጫወት መቻሌ ነው፣ ዘጠኝ ወር ፈጅቶብኛል፣ እንዴት ቻልክ ካላችሁኝ ጊታር መስማት አቁሜ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን በመስማት። ሰውዬው ሽለላና ፉከራን በቴነር ሳክስ የሚጫወት ነው፣ ከኖታ ኖታ አይዘልም እያፏጨረ ይሄዳል፣ ጦር ይዞ መሬት የሚደበድብ ሰው ነው የሚታይህ። በፈረንጅ 2006 ከሆላንዶቹ ዘ ኤክስ ጋር የሠራውን ስሙ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ የፓንክ ባንድ ፊት ቆሞ ሁሉንም ሲበልጣቸው።

ሚሊኒየም_ነበርኩ · ጳጉሜ 3፣ ቀን 7፡45

የኔ አጭር ነው። ጥር ላይ የማህሙድ የስንብት ኮንሰርት። ከአባቴ ጋር ነው የሄድኩት፣ አባቴ በሕይወቱ "ኮንሰርት" ሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም፣ ትኬቱን ስሰጠው "ለዚህ ብር ታወጣለህ?" ነው ያለኝ። እዛ ስንደርስ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ሊስትሮ የነበረ፣ አሪዞና ክለብ ወጥ ቤት ይላላክ የነበረ ልጅ ስድሳ ምናምን ዓመት ዘፍኖ ቆሞ ሲሰናበት ማየት ከባድ ነው። ቤዙን አልሰማሁትም ይቅርታ፣ አባቴ ጆሮዬ ላይ እየዘፈነ ነበር።

የማታ_ተማሪ · ጳጉሜ 3፣ ቀን 9፡10

እኔ ከሁላችሁም አንሳለሁ መሰለኝ፣ ካሴት በእጄ ይዤ አላውቅም። እርሳስ ለምን እንደሚያስፈልግ ሰው ያስረዳኝ። የኔ ዓመት ሮፍናን ነው፣ የድሮውን ነፀብራቅን (በፈረንጅ 2018) ዘንድሮ ገና በደንብ ሰማሁት፣ በሄድፎን፣ ምቶቹን ለየብቻ እየተከተልኩ። ድራሙ ማሽን ነው ትሉኛላችሁ፣ አዎ ነው፣ ግን ማሽኑ ውስጥ ያለው ምት የኛ ነው።

ፒያሳ_ሸክላ · ጳጉሜ 3፣ ማታ 1፡30

የማታ ተማሪ፣ እርሳሱ ካሴቱ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ለማዞር ነው፣ ስድስት ጎን ያለው እርሳስ ልክ ይሆናል። ቢክም ይሠራል።

ስለ ሽፋኑ ስም አለመኖር ግን ትንሽ ልበል፣ እኔ ሸክላ ነው ምሰበስበው። በፈረንጅ ከ1969 በፊት ሸክላ የማሳተም መብት የነበረው ሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፣ አምሃ እሸቴ ሚባል የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነው ያንን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን የከፈተው፣ እስከ 1975 ድረስ መቶ ምናምን ባለሁለት ዘፈን ሸክላ አወጣ። እነሱም ላይ ቢሆን አጃቢውን ካወቅክ ዕድለኛ ነህ፣ ብዙዎቹ ተጫዋቾች ቀን የክቡር ዘበኛ ወይ የፖሊስ ወይ የምድር ጦር ኦርኬስትራ ባልደረባ ነበሩ፣ ወታደር ናቸው እኮ፣ ማታ ሌላ ቦታ መጫወታቸው እንዲጻፍ የሚፈልግ ሁሉም አይደለም። ስለዚህ ስም ያለመጻፉ ንቀት ብቻ አይመስለኝም። ካሴት ሲመጣ ግን ምክንያቱ አልነበረም፣ ቦታ ጠፍቶ ነው እንዳይባል የማከፋፈያው ስልክ ግማሹን ይዞታል።

ጋሽ_ዴክ · ጳጉሜ 4፣ ጠዋት 2፡40

ጎን ሁለት፣ ልጄ፣ ጽሑፍህን ወደድኩት። ሠላሳ ዓመት ቴፕና ራዲዮ ጠግኛለሁና አንድ ነገር ልንገርህ፣ እንዳትቀየመኝ። 60 የሚል ካሴት አንድ ጎኑ 30 ደቂቃ ነው፣ ፋብሪካ ትንሽ ያስረዝማል እንጂ አያሳጥርም። 28 ተኩል ላይ ካለቀ የሸወደህ ፋብሪካው አይደለም። ዴክህ ይሮጣል።

ካሴት በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ነው መሄድ ያለበት። ያንተ ስድስት በመቶ ገደማ ፈጥኗል፣ ስድስት በመቶ ማለት ደሞ ድምፁ ግማሽ ቶን (ኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ) ወጣ ማለት ነው። የሚንተከተክ፣ ብሩህ፣ ያልከው እሱ ነው። የኦንላይኑ አልተጎተተም።

የሞተሩ ጀርባ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ ውስጧ ጠፍጣፋ መፍቻ የምታዞራት ነገር አለች። ብረቱ የተሸፈነ ቀጭን መፍቻ ያዝና በጣም በጣም በትንሹ አዙር፣ እየሰማህ። ከዛ በፊት ግን ሄዱን (ድምፁን የሚያነበውን) እና ካሴቱን የምትጎትተዋን ጎማ በአልኮልና በጥጥ ጥረግ፣ ካሴት የሚበላብህም ለዛ ይሆናል።

ዱካ_ድራም · ጳጉሜ 4፣ ጠዋት 2፡55

ሃሃሃሃሃሃ "ነፍሱን አወጡት"

ሰምና_ወርቅ · ጳጉሜ 4፣ ጠዋት 3፡01

ዲጂታል ሲያደርጉት ነፍሱን አወጡት ነው እኔ ምለው። ይሄን ፍሬም አርጌ ነው የምሰቅለው። ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት።

ዲሲ_ሌሊት · ጳጉሜ 4፣ ጠዋት 3፡30

እኔ ደሞ አምኜህ ትናንት ማታ ሙሉ "እውነትም የኛ ኮፒ ይጎተታል" እያልኩ ነዳሁ እኮ ሰውዬ

ጎን_ሁለት · ጳጉሜ 4፣ ቀን 10፡20

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ እርስዎን ልቀየም አልችልም፣ ራሴን ግን ተቀይሜዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ስሠራበት ነው የዋልኩት። መጀመሪያ የማህሙዱን ካሴትና ኦንላይን ያለውን ጎን ለጎን አርጌ ኪቦርድ ላይ አንድ ኖታ እየነካሁ ፈለግኩ፣ እንዳሉት ነው፣ ቅንጣት ሳይዛነፍ ግማሽ ቶን። ከዛ ከፈትኩት። ጎማዋ ጥቁር ሳይሆን ቡናማ ሆናለች፣ የሃምሳ ካሴት አቧራ። ጠረግኩ። መፍቻውን አስገባሁና አዞርኩ፣ የመጀመሪያው ሙከራዬ ላይ ማህሙድ እንደ ሰካራም ጎረነነ፣ ደንግጬ መለስኩት፣ ከዛ የፀጉር ያህል እያልኩ እያልኩ ገጠመ።

እና ውጤቱ፣ ጎበዝ፣ ልክ ኦንላይን እንዳለው ሆነ። ይጎተታል ያልኩት ይሄን ነው። ለአሥር ደቂቃ ያህል ሞተብኝ። በኋላ ግን ቤዙ መጣ። ባለ አራት ክር ዝምታው ነው ያለው ነገር፣ ሲፈጥን ዝምታው አጭር ነበር፣ አሁን ሰውዬው እዛች ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ይታወቅሃል። ስለዚህ አንደኛው ግኝቴ ቆሟል፣ ሁለተኛውን አንስቻለሁ፣ ስደቡኝ።

ሦስተኛው ግን አሳዘነኝ። "አትንኩ!" የሚለውን አስገባሁት፣ ያ የልጅ ድምፅ ያልኩት ሰውዬ ጎልማሳ ሆነ። አሁንም ጥሩ ነው፣ ግን እኔ የወደድኩት ሰው የለም። የወደድኩት ሞተር ነበር።

አክስቴ ጋ ደውዬ በስልክ አሰማኋት። "አትንኩ" ያልኩት እናንተ ልጆች እንዳትቀዱበት ነው አለች፣ ማን እንደሆነማ እኔም አላውቅም፣ ከጎረቤት ተውሼ ነው የገለበጥኩት።

ጋሽ_ዴክ · ጳጉሜ 4፣ ማታ 12፡50

ጎበዝ፣ እጅህ ጥሩ ነው። ግን "ከጎረቤት የገለበጥኩት" ካለች ሌላ ጣጣ አለ። የጎረቤቷም ቴፕ ትክክል መሆኑን በምን ታውቃለህ? የኮፒ ኮፒ ከሆነ እያንዳንዱ ቴፕ የራሱን ስህተት ይጨምርበታል። አሁን የምትሰማው የሰውዬው ድምፅ ላይሆን ይችላል።

ባለ_አራት_ክር · ጳጉሜ 4፣ ማታ 1፡15

ይሄን ማወቂያ አለ! የመብራት ድምፅ ፈልግ። የኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው አይደል፣ አብዛኛው የቤት ቅጂ ላይ ያቺ "እምምም" የምትል ነገር አብራ ትቀዳለች። ፋይሉን በስፔክትረም (ድምፁን በሥዕል በሚያሳየው) ክፈተውና ታች ቀጭን መስመር ፈልግ። 50 ላይ ካለች ፍጥነቱ ትክክል ነው፣ ከፍ ካለች በዛው ልክ ፈጥኗል። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ያለችው ባዶ ቦታ ላይ ይበልጥ ትታያለች።

የማታ_ተማሪ · ጳጉሜ 4፣ ማታ 1፡22

የጠፋ ዘፋኝ በመብራት ኃይል ሲፈለግ እያየሁ ነው፣ ከዚህ ክር አልወጣም

ጎን_ሁለት · ጳጉሜ 4፣ ማታ 3፡05

ሁለት መስመር አለ!! አንዱ 50 ላይ ወፍራም፣ አንዱ ደሞ 51 ተኩል ላይ እንደ ክር የቀጠነ። ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ባሉት አራት ሰከንዶች ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምን ማለት ነው?

ባለ_አራት_ክር · ጳጉሜ 4፣ ማታ 3፡18

50ው የአክስትህ ቤትና ያንተ ነው። 51 ተኩሏ የጎረቤቷ ቴፕ ናት፣ መጀመሪያ ሲቀዳ 50 የነበረው ሲገለበጥ ሦስት በመቶ በፈጠነ ቴፕ ነው የተጫወተው። ስለዚህ ሰውዬው አሁንም ሩብ ቶን ወጥቷል። ፋይሉን ሦስት በመቶ አውርደው።

ሰምና_ወርቅ · ጳጉሜ 4፣ ማታ 3፡25

እና ስታወርደው ግጥሙን ጻፍልን። በዚያ ፍጥነት የምትሮጥ ቃል አምልጣህ ይሆናል። እኔ ሰውዬውን በስንኙ ነው ምፈልገው፣ እናንተ በመብራቱ ፈልጉ።

ጎን_ሁለት · ጳጉሜ 5፣ ጠዋት 1፡50

አወረድኩት። ማታ ስድስት ሰዓት ድረስ ነው የሰማሁት።

ሰውዬው ሽማግሌ ነው። ወይም ሽማግሌ ሊሆን ትንሽ የቀረው። በፊት "ስል" ያልኩት ነገር ጭራሽ የለም፣ ድምፁ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይሻክራል፣ ረጅም ኖታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ አኮርዲዮኑ ያንን አውቆ ቀድሞ ይገባለታል፣ ሰው እንዳያውቅበት። አራት ቦታ ላይ ቆጠርኩ። በፈጣኑ ስሰማ አኮርዲዮኑ የሚሽቀዳደም መስሎኝ ነበር። ሰምና ወርቅ፣ አንዲት ቃልም አምልጣኝ ነበር፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ "ቀረሁ" ሲል እኔ "ቀረ" ነበር የሰማሁት፣ ትርጉሙ ተገልብጧል። አንድ እኩል ነን።

ማን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ቅንጫቢውን ታች ለጥፌዋለሁ፣ በሦስቱም ፍጥነት፣ እናትና አባታችሁን አሰሟቸው።

የቀሩት 42ቱ ፋይሎች ግን ሁሉም ግማሽ ቶን ወጥተዋል። በኮምፒዩተር ማውረድ ይቻላል አውቃለሁ፣ ባለ አራት ክር እንዳትነግረኝ። እንደገና ከካሴቱ ነው የማደርገው። አንደኛውን ጎን አንድ አሁን ጨረስኩ፣ 30 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ።